የሃምሳ ደቂቃ ጎረቤት

«ደርሻለሁ» አለ ናሁሰናይ፣ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ በሌላው አልጋ ስር ካልሲ እየዳበሰ።

«የት ነው የደረስከው?» አሉ ጋሽ ደርቤ ከወዲያ በኩል።

«ደርሻለሁ አልኩዎት እኮ ጋሼ።»

«እሺ በል፣ ፍጠን ብቻ። እንዳልኩህ ነው። አባትህን ትንሽ አሟቸዋል።»

ስልኩ ተዘጋ። ሚስቱ ማህደር ካልሲውን ከወንበሩ ጀርባ አንስታ ወረወረችለት።

«ደረስክ?» አለችው።

«ልወጣ ነው ማለቴ ነው።»

«ልወጣ ነው አላልክም። ደርሻለሁ ነው ያልከው። ሰውየው ኮተቤ ቁጭ ብለው በር በሩን ያያሉ፣ አንተ እዚህ ሳኦ ፓውሎ ባንድ እግር ካልሲ ትዘላለህ።»

ምን ይላል? ሁላችንም እንደዚያው ነን። ፎጣ አገልድመን «መንገድ ላይ ነኝ» እንላለን፣ መንገድ ላይ ስንሆን «ደርሻለሁ»። ድሮ ይሄ ማንንም አይጎዳም ነበር። የሚጠብቀውም ሰው ያውቃላ። «ደርሻለሁ» ሲባል፣ አሃ፣ ገና ጫማውን እያሰረ ነው ብሎ ሌላ ሻይ ያዝዛል። ነገሩ የተበላሸው ወንጭፉ ከመጣ ወዲህ ነው።

ሰው የሚወረውረውን መንኮራኩር ወንጭፍ ብሎ የሰየመው ሕዝቡ ነው። ትኬቱ ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አለው፣ ማንም አያነበውም። ከሳኦ ፓውሎ እስከ ቢሾፍቱ ወደ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፣ ወንጭፉ በሃምሳ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከቢሾፍቱ ኮተቤ ያው እንደድሮው ነው፣ መንገዱ ከተዘጋጋ ሁለት ሰዓት። እና አሁን አንድ ሰው ከብራዚል ሰማይ ሆኖ «ደርሻለሁ» ቢል በምን አፍህ ውሸታም ትለዋለህ? ቃሉ ከሞላ ጎደል እውነት ሆነ። ሰውም እንደ እውነት ይሰማው ጀመር።

ብዙ ነገር እንደዚህ ሆኗል። ልጇን ከሜልቦርን ጠርታ የጋዝ ሲሊንደር የምታስቀይር እናት አለች። ለክርስትና አዲስ አበባ ገብቶ ምሳውን ቶሮንቶ ቤቱ የሚበላ ሰው ብርቅ አይደለም። «ሩቅ ነኝ» የሚለው ሰበብ ከሰው አፍ ጠፋ። ካልመጣህ አልፈለግክም ማለት ነው፣ በቃ። ይሄን ያዩ የኮተቤ እድርተኞች ስብሰባ ጠርተው ደንብ አወጡ። ከአንድ ሰዓት በረራ በታች ያለ አባል ሁሉ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ቀብር ይቆማል፣ የታመመ ይጠይቃል። በስክሪን ለቅሶ መድረስ የለም፣ በስክሪን በሽተኛ መጠየቅም የለም፣ ነውር ነው።

ስለዚህ ናሁሰናይ በር ጀርባ ሁለት ልብስ ተሰቅሎለታል። አንዱ የሥራ ቱታው ነው፣ ሊፍት ጠጋኝ ነው፣ ሌላው ጥቁር ሙሉ ልብስ። ጠዋት ሊፍት ከፍቶ ይመረምራል፣ መሀል ላይ ይቀየራል፣ ኮተቤ ሄዶ አንድ ሰው ቀብሮ፣ ከሰዓት ተመልሶ ያንኑ ሊፍት ይገጥማል። አለቃው አንዴ «ስንት ዘመድ ነው ያለህ?» ብላ ጠይቃዋለች።

«ዘመድ አይደሉም፣ ጎረቤት ናቸው» አላት።

«የት?»

«ኮተቤ።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም።

ሰዓቱም እኮ አንድ ነው። ይሄ ለሳኦ ፓውሎ ሀበሾች ትልቅ ነገር ነው። ኮተቤ ፀሐይ አናት ላይ ሆና በኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ሲባል፣ ሳኦ ፓውሎ ገና ነግቶ የግድግዳው ሰዓት በፈረንጅ ሰባት ይላል። ቁጥሩ ያው ነው። የናሁሰናይ አባት ጋሽ አዝመራው በዚህ ነገር ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ይደውሉና «ሰባት ሰዓት ሆነ እኮ፣ ምሳ በላህ?» ይሉታል። እሱ ጥርሱን እየፋቀ «በላሁ አባዬ» ይላል። ምን ያደርጋል፣ ማስረዳት ከጀመረ መዓት ነው።

ጋሽ አዝመራው ሞያሌ መስመር አውቶቡስ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ጋሽ ደርቤ፣ አሁን የእድሩ ጸሐፊ፣ ያኔ ረዳታቸው ነበሩ። በሩ ላይ ተንጠልጥለው ተሳፋሪ ሲጠሩ የኖሩ ሰው። አውቶቡሱ ከተሸጠ ስንት ዘመኑ፣ ጋሽ ደርቤ ግን ከጋሽ አዝመራው ትእዛዝ ዛሬም አይወጡም። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ያስፈልጋል።

ናሁሰናይ ካልሲውን አጠለቀ። ጥቁሩን ልብስ አየው፣ ቱታውን አየው። ሁለቱንም ትቶ ሹራብ ለበሰ። ማህደር አይታዋለች። ሶልያና፣ የአሥር ዓመት ልጃቸው፣ አልተነሳችም ነበር። በሯን ገፋ አድርጎ አያት፣ ወጣ።

አሁን እንግዲህ ጭንቁ ይሄ ነው። «ትንሽ አሞታል» ማለት ምን ማለት ነው?

ድሮ ማንም አይጠፋውም። ውጭ ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። «ትንሽ አሞታል፣ ና» ይባላል። ሰውየው ይሳፈራል። ሙሉ ቀን ይበራል፣ የሆነ አገር ወርዶ ወንበር ላይ ያድራል፣ ደግሞ ይሳፈራል። ልቡ እያወቀም ቢሆን ያን ሁሉ መንገድ አባቱ ታሞ ነው የሚቆየው፣ አልሞተም። ሲደርስ ዘመድ ከቦ መርዶውን ይነግረዋል። ወንጭፉ ከመጣ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ በዚሁ ተቀጠለ፣ የሊዝበኑ ገዛኸኝ ነገር እስኪመጣ።

የገዛኸኝን እናት እትዬ ውድነሽን ጉንፋን ያዛቸው። እውነተኛ ጉንፋን። ጎረቤት ደወለና «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል» አለው። ገዛኸኝ ይሄን ቋንቋ አብጠርጥሮ ያውቃል። ጥቁሩን ለበሰ፣ ተወነጨፈ። ከወንጭፍ የወረደ ሰው ደግሞ ከግፊቱ የተነሳ ዓይኑ ደም ይለብሳል። እንደዚያ ሆኖ ከሰፈሩ መታጠፊያ ጀምሮ «እናቴን፣ እናቴን» እያለ ደረቱን እየደቃ መጣ። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ተከተለው። እትዬ ውድነሽም ሰሙ። ለቅሶ ተሰምቶ ቤት ይቀመጣል እንዴ? ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ወጡ፣ የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳይጠይቁ ከፊታቸው ያገኙትን ሰው አቅፈው አለቀሱ። እናትና ልጅ በሩ ላይ ተቃቅፈው ለትንሽ ጊዜ እትዬ ውድነሽን አለቀሱ። «ማን ነው የሞተው የኔ ልጅ?» ብለው የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሰፈሩ አንድ ወር ሳቀ። እድሩ ግን ሁለተኛ ደንብ አወጣ። ከእንግዲህ የታመመ ታሟል ይባላል፣ የሞተ ሞቷል ይባላል።

«ሃምሳ ደቂቃ ነው፣ ምን ያስዋሻል?» አሉ የእድሩ ዳኛ።

የተቃወሙት አንድ ሰው ናቸው፣ ጋሽ አዝመራው። ተነስተው «ሃምሳ ደቂቃ ስትሰሙት ነው አጭር» አሉ። «አባትህ ሞቷል ተብሎ፣ ብቻውን ታስሮ የሚወረወር ሰው አስባችኋል? እኔ ሬሳ ለመቅበር የሚሄድ ስንት ሰው ጭኛለሁ። ያልተነገረው እንቅልፍ ይወስደዋል። የተነገረው መስኮቱን በጭንቅላቱ ነው የሚመታው።»

«ጋሽ አዝመራው፣ እርስዎ አውቶቡስ ላይ ነው ያረጁት፣ ስለ ወንጭፍ ምን ያውቃሉ?» አለ አንዱ። ተሳቀ።

«ስለ ወንጭፍ አላውቅም። መንገደኛ ግን አውቃለሁ» ብለው ተቀመጡ። ደንቡ ጸደቀ። ቃለ ጉባኤውን የጻፉት ጋሽ ደርቤ ናቸው።

ስለዚህ አሁን ናሁሰናይ ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚያሰላው ይሄን ነው። ጋሽ ደርቤ የደወሉት የእድር ጸሐፊ ሆነው ከሆነ፣ በደንቡ መሠረት አባቱ እውነት ታመው ነው። የደወሉት የጋሽ አዝመራው ረዳት ሆነው ከሆነ ግን፣ ሽማግሌው «ለኔ ልጅ እንደድሮው አድርግልኝ» ብለዋቸው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ...

ይሄ ለሌላ ሰው ልዩነት የለውም። ቢሞትም ቢታመምም ተሳፍረህ ትሄዳለህ። ለናሁሰናይ ግን አለው።

ባለፈው ጊዜ ለአንድ ጎረቤት ቀብር ሲሄድ ወንጭፉ ውስጥ ራሱን ስቶ ነበር። ቢሾፍቱ ሲደርስ አፍንጫው ደምቶ፣ ሸሚዙ ተበላሽቶ በሁለት ሰው ድጋፍ ነው የወረደው። ሐኪሙ ልቡን አይቶ «ከዚህ በኋላ ሁሌም ቢጫ ነህ» አለው። አረንጓዴ የሆነ ሰው ዝም ብሎ ይገባል፣ ቀይ የሆነ ይመለሳል። ቢጫ ማለት በራስህ ፈቃድ ነው፣ አውራ ጣትህን አሳርፈህ ትገባለህ። ዘንድሮ ከዚሁ ከሳኦ ፓውሎ ሁለት ቢጫ ሰዎች ጣታቸውን አሳርፈው ገብተው፣ ወንጭፉ ሲደርስ ሳይነሱ ቀርተዋል። አንደኛው የአጎቱን ቀብር ሊቆም ነበር የሄደው። ያው ድንኳን ለአጎትየውም ለሱም በቃ።

ናሁሰናይ ራሱን በሳተበት ቀን ኮተቤ ሲገባ ጋሽ አዝመራው ውኃ አምጥተው ፊቱን አጠቡት። እንደ ሕፃን። ፎጣውን እያሹ ነው ያሉት።

«ስማ። ስሞት አትሩጥ። እኔ የትም አልሄድም፣ ቀስ ብለህ በአሮጌው አውሮፕላን ና። ስታመም ግን ሩጥ። ስታመም ላይህ እፈልጋለሁ።»

«እሺ አባዬ።»

«ዝም ብለህ እሺ አትበል። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

ገብቶት ነበር። ከታመምኩ ሩጥ፣ ከሞትኩ አትሩጥ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። ያልታሰበው ነገር፣ አንዱ ሌላውን መስሎ የሚመጣበት ቃል በቋንቋችን መኖሩ ነው።

መነሻው ጋ ሲደርስ ሰልፉ ሞልቷል። የኛ ሰዎች ሰልፍ ከሩቅ ይታወቃል፣ ጥቁር ነው፣ ይነጋገራል። አንዷ ሴትዮ የሌላዋን ነጠላ እያስተካከለች «ማን ነው ያንቺ?» ትላለች። «የባሌ አክስት፣ ያንቺስ?» «የሰፈር ሰው፣ አላውቃቸውም እንኳ።» ከጎን ያለ ሱቅ የተተኮሰ ጥቁር ሸሚዝና የሚነከስ ጎማ ይሸጣል፣ ጎማው በግፊቱ ጊዜ ጥርስ እንዳይሰበር ነው። ልጆች በማስቲካ ፋንታ ይገዙታል።

ናሁሰናይ መቆሚያው ላይ ወጣ። ልብ የሚመረምር ሳህን የሚያህል ነገር ነው፣ ትቆምበትና እስትንፋስህን ትይዛለህ። ቢጫ በራ።

በሩ ላይ የምትሠራው ልጅ ጥቁር የለበሰ ሰው ስታይ ስለኖረች ሹራቡን አይታ ትንሽ ግራ ተጋባች። በፖርቱጋልኛ «በራስዎ ፈቃድ ነው። በሩ የሚዘጋው ስምንት ሰዓት ላይ ነው» አለችው። «ወይም ያው በዚያ በኩል አለ» ብላ በአገጯ አሳየችው።

በዚያ በኩል ያለው አሮጌው አውሮፕላን ነው። አውቶቡስ ይሉታል። እርጉዝ፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን የያዘ ሰው የሚሄድበት። አሥራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ማንንም አይጎዳም። የሱም በር የሚዘጋው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ከሰልፉ ወጣ ብሎ ለማህደር ደወለ።

«ምን አለ?» አለችው። ሰላምታ የለም።

«ቢጫ።»

ከኋላዋ የማንኪያ ድምፅ ይሰማል፣ ሶልያና ቁርስ እየበላች ነው።

«አባቴ የት ሄደ እያለችኝ ነው፣ ምን ልበላት?»

«አያቷ ጋ ደርሷል በያት።»

«እኔ እንደናንተ አልዋሽም።» ድምፅዋ ወደ ሌላ ክፍል ገባ፣ በር ዘጋች። «ስማኝ ናሁ። አባትህ የነገሩህን ነግረኸኛል። ታመው ከሆነ ግባ፣ እኔ አልይዝህም፣ ኋላም አልወቅስህም። ሞተው ከሆነ ግን በወንጭፉ እንዳትገባ። ለሞተ ሰው ብለህ ይቺን ልጅ ያለአባት እንዳታስቀራት። እወቅና ግባ።»

«በምን ልወቅ?»

«ጠይቃ። አፍ የለህም?»

ጠየቀ። ለጋሽ ደርቤ ደወለ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አሁን የሚያናግሩኝ እንደ እድር ጸሐፊ ነው ወይስ እንደ ረዳት?»

«ምን ማለት ነው?»

«ያወቁት ይመስለኛል።»

ጋሽ ደርቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው።»

«እየሰማሁዎት ነው እኔ።»

«ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ታውቃለህ።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም። አባዬ አለ?»

«ይሄ ልጅ። አሟቸዋል አልኩህ እኮ። ትንሽ። የሞተ ቢሆን ሞተ አልልህም?» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ቆይ፣ አንተ የት ነህ? ደርሻለሁ አላልክም እንዴ? ቢሾፍቱ ወርዶ ኬላ እያለፈ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ።»

«ደርሻለሁ» አለ ናሁሰናይ። «በሩ ላይ ነኝ።»

«የቱ በር?»

አንዱ ሌላውን በውሸቱ ይዞታል፣ ሌላውም አንዱን። አንደኛው ቢለቅ ሌላኛው ይለቅ ነበር። አልለቀቁም።

«ቶሎ በል ብቻ» አሉ ጋሽ ደርቤ፣ ዘጉት።

እህቱ ምንትዋብ ከአባታቸው ጋር ነው የምትኖረው። ሁለቴ ጠርቶ አነሳችው።

«አባዬን ስጪኝ።»

«ተኝቷል። አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

«እንደተኛ አሳዪኝ። ካሜራውን አዙሪው።»

«በስክሪን በሽተኛ ይጠየቃል እንዴ? ሰው ሁሉ ቤት አለ፣ ምን ይለኛል?»

«ማን ሰው?»

«ጠያቂ ነዋ።»

ከኋላዋ የብረት ወንበር ሲዘረጋ ይሰማል። አንድ፣ ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። የእድር ወንበር ድምፅ ማንም አይጠፋውም።

«ወንበሩስ?»

«ጠያቂው በዝቶ ነው። የኛ አልበቃ አለ።»

«ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ጉንፋን ነው። ከሱ ተጋባብኝ።»

ሁሉም መልስ አለው። ሁሉም መልስ ለሁለቱም ይሆናል። ናሁሰናይ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ከመስታወቱ ወዲያ ወንጭፉ ሐዲዱ ላይ ተጋድሞ ይታያል፣ ነጭ፣ መስኮት የሌለው።

«ምንቴ፣ እኔ ልቤ ደህና አይደለም እኮ፣ ታውቂያለሽ። እውነቱን ንገሪኝ።»

«ና በቃ ናሁዬ» አለች። ድምፅዋ ሻከረ። «ደርሷል ብለው ነግረውታል። ከሰማ ጀምሮ በር በሩን ነው የሚያየው።»

«ተኝቷል አላልሽኝም?»

ወንበር ተዘረጋ።

«ነቅቶ ነበር» አለች ምንትዋብ። ሌላ ሰው ጠራት መሰለኝ፣ ስልኩ ተቋረጠ።

ናሁሰናይ ያገኘው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ወንበር ነበር። ከጎኑ አንዲት ሽማግሌ ሴት ኩታቸውን ተከናንበው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጥቁር አልለበሱም። እትዬ አልጋነሽ ይባላሉ፣ የሀበሾች ሠርግ ላይ አይቷቸዋል።

«ማንን ነው ያመመው?» አሉት።

«አባቴን።»

«ትንሽ ነው ያሉህ?»

«ትንሽ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለኔም ወንድሜን ትንሽ አሞታል ነው ያሉኝ። ትናንት ማታ።»

«ወንጭፍ አይችሉም?»

«ምን ሆኜ አልችልም? አረንጓዴ ነኝ፣ ትናንትና ለኪዳነምህረት ደርሼ መጥቻለሁ።» ቦርሳቸውን ከፍተው ብርቱካን አወጡና ሰጡት። «እድራችሁ ያን ደንብ አወጣ አይደል?»

«አወጣ።»

«የኛ አላወጣም። ተመስገን ነው። ወንድሜ ከትናንት ጀምሮ ታሟል። አሁን በዚህኛው ስገባ ስልኬን እዘጋለሁ፣ እስከ ሌሊት ታሞ ይቆያል። ቢያሻኝ እጸልይለታለሁ፣ ለታመመ ሰው ነው የሚጸለየው። ቢያሻኝ የሠራብኝን እያስታወስኩ እናደድበታለሁ። ለሞተ ሰው ብናደድ ነውር ነው።» ሳቅ አሉ። «በሃምሳ ደቂቃ ምኑን ላደርገው ነው?»

«እውነት ታመው ከሆነስ?»

እትዬ አልጋነሽ ቶሎ አልመለሱም። ብርቱካኑን ከእጁ መልሰው ወስደው ይልጡት ጀመር።

«እሱን አስቤዋለሁ» አሉ። «ሰባ አምስት ዓመት እህትና ወንድም ሆነን ኖረናል፣ እኔን ጠግቦ አይቶኛል። የአባት ግን ሌላ ነው። ይሄን ላንተ አልፈርድልህም።» አንድ ፍንካች ሰጡት። «ከኔ ጋር ከመጣህ ግን አንድ ነገር እነግርሃለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አባት ይኖርሃል።»

ናሁሰናይ ብርቱካኑን ዋጠው፣ ጣዕሙን አላወቀውም። የሚያስበው ወንበሮቹን ነው። ድንኳን ሊተከል ሲል ወንበር ቀድሞ ይወርዳል። ግን አባቱን ሰው ይወዳቸዋል፣ ቢታመሙም ያን ያህል ሰው ይመጣል። ምንትዋብ ድምፅዋ የጠፋው አልቅሳ ነው። ግን ጉንፋን የማይይዛት ወር የለም። ጋሽ ደርቤ ዋሽተው አያውቁም። ግን ሞያሌ መንገድ ላይ «ደርሰናል፣ ያቺን ኮረብታ ማለፍ ብቻ ነው» እያሉ ተሳፋሪ ሲያጽናኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

አባቱ ሞተው ከሆነ ቀብሩ ዘጠኝ ወይ አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ አውቶቡሱ አይደርስበትም። እሱ ግድ የለም፣ «የትም አልሄድም» ብለውታል። አባቱ ታመው ከሆነ ግን፣ «ደርሷል» ተብለው፣ ራሱን ችሎ የማይቆም ጭንቅላታቸውን ወደ በሩ አዙረው እያዩ ነው። ደርሷል ያስባላቸው ደግሞ እሱ ራሱ ነው፣ ካልሲ ሲፈልግ። በአውቶቡሱ ከገባ ያቺ አንዲት ቃል የአሥራ ሁለት ሰዓት ውሸት ትሆናለች። በወንጭፉ ከገባ የሃምሳ ደቂቃ ብቻ ናት፣ ምናልባትም የመጨረሻ ቃሉ ትሆናለች።

የስምንት ሰዓቱ ጥሪ ተጠራ፣ የሁለቱም በር አንድ ላይ። እትዬ አልጋነሽ ተነሱ፣ የብርቱካኑን ልጣጭ በመሀረብ ጠቀለሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ዘጉት። ወደ ኋላ ሳያዩ ሄዱ፣ ግን ቀስ ብለው፣ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው።

በወዲያኛው በር ጥቁር ለባሾቹ ጎማቸውን ነክሰው እየገቡ ነው። ልጅቷ ናሁሰናይን አየችውና ጣት የሚያርፍበትን ቢጫ ሰሌዳ ወደሱ ዞር አደረገችለት። ተነሳና ሄደ፣ ፊት ለፊቱ ቆመ። አውራ ጣቱ ብርቱካን ነክቶት ሙጫ ሙጫ ይላል፣ በሹራቡ ጠረገው።

ስልኩ ነዘረ። ጋሽ ደርቤ ናቸው፣ በጽሑፍ። «ደረስክ?» ይላል።

«ደርሻለሁ» ብሎ ጻፈ።

ሁለቱም በሮች ሊዘጉ ነው፣ ጣቱም ገና ሰሌዳው ላይ አላረፈም። እናንተ ብትሆኑ በየትኛው ትገቡ ነበር?